ወንድሜ ያልሽኝ ቀን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
መጋቢት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ውር የሚል የለም፤ ውሻው እንኳ ከጥላ አይነሳም። አባትሽ ፍራሹን በረንዳ ላይ አውጥቶ እዚያው ነው የሚያድረው። የሠርግሽን ዳስ ነገር ከሐጂ ቤት ጋር ጨርሰናል። በመሀል ያለውን አጥር አንስተን ሁለቱን ግቢ አንድ እናደርገዋለን። ሂናውንም እነሱ ናቸው የሚቀቡሽ፤ ገና ካሁኑ ማን ይቀባ በሚለው እየተጣሉ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬሻለሁ። የቀረውን ግን በስልክ አልፈለግኩም። ስናወራ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። ፊደሌ ካልተነበበሽ ደውዪ።

ባለፈው ወር ስለ ደቻቱ ጎርፍ የጻፍሽውን አነበብኩ። በ1998 ክረምት ያ ወንዝ በሌሊት ተነስቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ቤታችን ያኔ ወንዙ ዳር ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አልደብቅሽም፣ አልቅሻለሁ። አንድ ቦታ ግን ተሳስተሻል። አባቴ በትከሻው አሻገረኝ ብለሻል። አባትሽ ያን ሌሊት ለሥራ ደወሌ ሄዶ ነበር። ያሻገረችሽ አያትሽ ናት፣ በነጠላዋ አዝላሽ። ነጠላው አሁንም ሳጥን ውስጥ አለ። ጥለቱ ላይ ያለው ጭቃ ታጥቦ ታጥቦ አልለቀቀም።

ይህንኑ ከጽሑፍሽ ሥር ጻፍኩልሽ። እዚያች ስልክ ላይ ፊደል መልቀም ለኔ ቀላል አይደለም፤ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። መነጽሬን ሳላወልቅ መልስ መጣ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንዲህ ይላል፦

«ውድ ወንድሜ፣ ጊዜህን ሰጥተህ ሐሳብህን ስላካፈልከኝ ከልብ አመሰግናለሁ! እንዳንተ ያሉ አንባቢዎች ብርታት ይሆኑኛል። አንተስ ከጎርፉ ጋር የተያያዘ ምን ትዝታ አለህ?»

ወንድሜ! ኧረ አቦ፣ እናትሽን እኮ ነው።

መጀመሪያ ስልክሽ የተሰረቀ መስሎኝ ነበር። ወንድምሽ ነው ስቆ ስቆ ሲበቃው ያስረዳኝ። ሰው ኮሜንት ሲጽፍ አንድ ፕሮግራም ወስዶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ለኤአይ፣ ይሰጠዋል አለኝ። ኤአዩ በአንቺ ድምፅ ሞቅ አድርጎ እንዲመልስና በጥያቄ እንዲጨርስ ታዟል። በጥያቄ የሚጨርሰው ሰውዬው ደግሞ እንዲጽፍ ነው። ኮሜንት በበዛ ቁጥር ጽሑፉ ለብዙ ሰው ይታያል። በዚህ ብቻም አላበቃም፤ ሌሎች ጸሐፊዎች ጋ እየዞረ «ድንቅ ዕይታ ነው!» እያለ ያወድሳል፣ እነሱም መጥተው እንዲያወድሱሽ። ከእነሱም አንዳንዶቹ እንዳንቺው ማሽን ቀጥረዋል። ባለቤቶቹ ተኝተው ስልኮቹ እርስ በርስ ሲመራረቁ ያድራሉ ማለት ነው።

ወንድሜ ለምን እንዳለኝም ጠየቅኩት። ማሽኑ የሚሠራው ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል እያለ በመገመት ነው አለኝ። የተማረበት አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ጠብታ ነው። እንግሊዝኛ «ዩ» የሚል አንድ ቃል አለው፣ ለንጉሡም ለልጁም ለሴቱም ያንኑ ይላል። እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ሳንል አፋችን አይከፈትም። ማሽኑ ማን እንደሆንሽ ካላወቀ ወንድ ያደርግሻል። እርስዎ ማለትንማ እርሺው። የኛ ሰው ገና ሰላም ሲልሽ ያወቀሽ ይሁን ያላወቀሽ የሚለይበት ቦታ ላይ ነው እንግዲህ ያሰማራሽው።

በኔ ስቀናል። ወደ ታች ስወርድ ግን ሳቄ ቆመ። አንዲት ልጅ «እናቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርኳት፣ ጽሑፍሽን ሳነብ እሷን አየኋት» ብላለች። ያንቺው መልስ፦ «እንዴት ደስ የሚል ትዝታ ነው! ስላጋራሽኝ አመሰግናለሁ። ከእናትሽ ጋር የምትወጂው ጊዜ የትኛው ነበር?» ይላል። እሷን አንቺ ብሏታል፣ በጾታ እንኳ አልተሳሳተም። ልጅቷም መልሳ ጻፈች። ረጅም አድርጋ። ስለ እናቷ ሽሮ አሠራር ሁሉ ጻፈች። አሁንም ማሽኑ መለሰላት። ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። አንቺ ይህን አላየሽውም አይደል?

ለወንድምሽ ስነግረው ነገሩ የቆየ ነው አለኝ። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል የኮምፒውተር ምሁር ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ሰው ያለውን ገልብጦ በጥያቄ ከመመለስ ሌላ የሚያውቀው የለም። የሰውዬው ጸሐፊ ግን ሲሠራው አጠገቡ ሆና ያየች፣ ማሽን መሆኑን የምታውቅ ሴት፣ ጥቂት ካወራችው በኋላ «እስቲ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። የምታውቀዋ እንዲህ ከሆነች የማታውቀዋን አስቢ።

መልስሽን አውቀዋለሁ። «እማ፣ በቀን ይህን ሁሉ ሰው እንዴት እመልሳለሁ? ሥራ አለኝ፣ ሠርግ አለብኝ፣ ማስታወቂያ የሚሰጡኝ ሰዎች ቁጥር ነው የሚያዩት» ትያለሽ። እውነትሽን ነው። ከአምስት መቶ ሰው ጋር አውሪ የሚልሽ የለም።

አባቴ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ወደ ጅቡቲ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ አዲስ አበባ። እሱም እንግዲህ በሰው ስም ነው የሚጽፈው። መግቢያውም ለሁሉም ያው ነበር፤ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ»። ይህን ሳይጠየቅ ይጽፈዋል። እኔም ከላይ የጻፍኩልሽ እሱኑ ነው። ስለዚህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቃል ሁሉ ውሸት ነው አልልሽም።

አባቴ ግን ከመግቢያው በኋላ ብዕሩን ያስቀምጣል። «እህ፣ ምን ልበልልሽ?» ይላል። ትናገራለች፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ያነብላታል። አንድ ቀን ምሳውን ላደርስለት ሄጄ ቆሜ ሰማሁ። ሴትዮዋ ባሏ ጅቡቲ ነው። «በጣም ናፍቀኸኛል» የሚለው ጋ ሲደርስ እጇን አወናጨፈች። «አይ ጋሼ፣ እንዲህማ አልለውም፣ ያኮራዋል። ፍየሏ ወለደች ይበሉልኝ፣ እሱ ይገባዋል።» አባቴ ሰረዘና ፍየሏን ጻፈ። ከዚያ ነው አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ የፈረመችው።

ያንቺው ማሽን አንብቦልሽ አያውቅም። ጣትሽን ግን በየቀኑ እየወሰደ ይፈርምበታል።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ ልምጣ። ጓደኛሽ ከውጭ ያመጣችልሽን የቫይታሚንና የሰፕልመንት ብልቃጦች ፎቶ በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የቆመች እናት ስላለሽ ይቅርታ፤ ጽሑፉን ሳላነብ አላልፍም።

ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን 10,000 ማይክሮግራም ይላል። ለአዋቂ ሰው በቀን 30 ይበቃዋል፣ ያንንም ከምግብ ያገኘዋል፤ ኦቾሎኒ ውስጥ እንኳ አለ። በአንድ ፍሬ የአሥራ አንድ ወር ድርሻሽን ዋጥሽ ማለት ነው። ትርፉ በሽንት ይወጣል፣ ስለዚህ ሰዎች ጉዳት የለውም ይላሉ። ተንኮሉ የደም ምርመራ ማሳሳቱ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆበታል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚታወቅበት የትሮፖኒን ምርመራ ብዙ ባዮቲን በሚወስድ ሰው ላይ በሐሰት ዝቅ ብሎ ታይቶ፣ ሰውየው መሞቱን ጭምር ገልጿል። አንገት ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ምርመራም ላይ እንደዚያው ነው። ጤነኛዋን ሴት ዕጢዋ ከልክ በላይ የሚሠራ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

አንቺ ባለፈው ሳምንት «ታይሮይድ አለብሽ ሊሉኝ ነው» ብለሽ ደውለሽ አለቀስሽ። ለሐኪምሽ ባዮቲን እንደምትወስጂ ነግረሻል? እንዳልነገርሽ በልቤ አውቄዋለሁ። ሁሉም የላቦራቶሪ መሣሪያ ይሳሳታል ማለት አይደለም፣ ዕጢሽ እውነትም ታሞ ሊሆን ይችላል። ግን ነገ ጠዋት ደውለሽ ንገሪው። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙ ይላል። ያንቺ መጠን ትልቅ ስለሆነ ስንት ቀን እንደሚበቃ እሱ ይወስን። ያን ሳታደርጊ አንድም የታይሮይድ ኪኒን እንዳትጀምሪ።

ደግሞ ለፀጉር ነው አልሽኝ። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለዳግማ ትንሣኤ የቀረን ስድስት ሳምንት ነው። ባዮቲኑ ተአምር ቢሠራ እንኳ የሚተርፍሽ የአንድ ጣት ውፍረት ነው።

ኮላጅኑን ሳይማ ሳቅኩ። ኮላጅን ከከብት ቆዳና አጥንት ወይም ከዓሣ ነው የሚሠራው። አንቺ ደግሞ ሁዳዴን አንድ ቀን ሳላስታጉል ጾምኩ ብለሽ ለንስሐ አባትሽ ተናግረሻል! የሐጂ ባለቤት መድኃኒት ሊገዙ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የእንክብሉ ልባስ ከምን ተሠራ ነበር። ካንቺ እሳቸው ይሻላሉ።

ሻዩ ሴና አለበት። እነ ሐጂ ቤት ሰነመኪ የሚሉት ነው፣ ሆድ ያስቀምጣል። ቀነስኩ ያልሽው ኪሎ ውኃ ነው፣ ስትጠጪ ይመለሳል። በድሬ ሙቀት፣ በቬሎ፣ ውኃሽ አልቆ ዳስ ውስጥ እንድትወድቂብኝ አልፈልግም። ደግሞ «ከዕፅዋት ብቻ» የሚለውን አትመኚ። እንዲህ ተብለው የተሸጡ የማክሻ ምርቶች ውስጥ ሲቡትራሚን የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲቡትራሚን በልብና በደም ሥር ላይ በሚያመጣው ጣጣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። «ከአሜሪካ እኮ ነው የመጣው» አልሽኝ። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ አይፈቀድም። ችግር ሲገኝ ነው የሚያነሱት።

የተቆጣሁት መርፌው ላይ ነው። ለቆዳ ማንጫ ግሉታታዮን ልትወጊ ቀጠሮ ይዘሻል። በዚህ መርፌ ብዙ ሰው በሚነጣባት በፊሊፒንስ፣ የአገሪቱ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2011 እ.ኤ.አ. ለዚህ አልተፈቀደም፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ቀጠሮውን ሰርዢ። አባትሽ ሲሰማ ምን አለ መሰለሽ? «የእናቴን መልክ ነው እንዴ የምታስለቅቀው?» አለ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ስሟን አልጠራም። የፋርማሲው ሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት ሙሽራ መጣች። እንዳንቺ ለመቅጠን አይደለም፣ ለመወፈር ነው። እዚህ አካባቢ ሙሽራ ሞላ ስትል ነው የሚያምርባት ይባል ነበር፤ አሁንም የሚሉ አሉ። ጎረቤቷ የሰጠቻትን ኪኒን ለወራት ውጣለች። ወረቀት ላይ ጠቅልላ አመጣችው። ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን፣ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ ምግብ ያስበላል፣ ያስተኛል። ሌላው ዴክሳሜታሶን፣ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ፊቷ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኗል። ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይላታል። እኔ ያየሁት እጇን ነው። የወርቅ አምባሯ እጇ ላይ ይንሸራተታል። ብሩን ስትቆጥር እየደጋገመች ወደ ክርኗ ትገፋዋለች፣ እየደጋገመ ይወርዳል። ፊትና ሆድ ሞልቶ፣ ክንድና እግር ከሳ። እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ነገርኳት፣ ወደ ሐኪም ሂጂ አልኳት። ከሠርጉ በኋላ ግን በራሷ ድንገት አቆመችው። ያን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል፤ በአንዴ ሲቋረጥ ባዶውን ይቀራል። እያስታወካት፣ እየዞረባት ደግፈው አመጧት። ከባንኮኒው ወጥቼ እኔው ነኝ በባጃጅ ሆስፒታል ያደረስኳት። ዳነች፣ ተመስገን።

ያን ኮሜንት ሁሉ ስቆጥር የመጣብኝ ያ አምባር ነው። አራት መቶ ምናምን መልስ፣ ልብ፣ ጭብጨባ። ፊቱ ሞልቷል። ታመሽ ሁለት ሳምንት ሳትጽፊ ስትቀሪ ግን «የት ጠፋሽ?» ያለሽ ስንት ሰው ነው? ራስሽ ነሽ «ማንም አልጠየቀኝም» ያልሽኝ። እንዴት ይጠይቁሽ? አልጠፋሽባቸውም እኮ። ማሽንሽ በየቀኑ እያመሰገናቸው ነበር።

አሁን ደግሞ አያገባሽም የምትይኝን ልናገር። የምታገቢው አንቺ ነሽ፣ አውቃለሁ። ካሰለፍሻቸው ብልቃጦች መሀል ሙሽራ በእውነት የምትፈልገው አንድ ነገር ጎድሏል፤ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን። በቀን 400 ማይክሮግራም። ትንሽ ፍሬ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ፎቶ አንስቶ የሚለጥፋት የለም። የሕፃን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ፅንሱ በያዘ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ያኔ እናትየዋ ማርገዟንም ላታውቅ ትችላለች። «ሳረግዝ እጀምራለሁ» ማለት ለዚህ ነው የማይሠራው፤ ቢያንስ ከወር በፊት መጀመር አለበት። በ1991 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ያወጡት ጥናት፣ ፎሊክ አሲድ ቀድሞ እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ልጅ በነበራቸው እናቶች ላይ ችግሩ ዳግም የሚመጣበትን ዕድል 72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በእኛ አገር ችግሩ ብዙ ነው። ጨርቅ የተሸፈነ ሕፃን ታቅፈው ባንኮኒዬ ፊት የቆሙ እናቶችን አልረሳቸውም።

ስትገዢ ጽሑፉን እይ። 5 ሚሊ ግራም የሚለው ሐኪም ሲያዝ ነው። ደግሞ ለቆዳ ይጠቅማል ተብሎ ቫይታሚን ኤ የታጨቀበት ነገር እንዳትጨምሪ፣ ሲበዛ ለፅንስ አደገኛ ነው። ልጅ አሁን አንፈልግም ካላችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እሷን ፍሬ ግን ዋጪያት፣ ለእናትሽ ስትይ።

ማሽኑን ጣይው አልልሽም። ወንድምሽን ጠይቄዋለሁ፣ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። መልእክቶቹን ይለይልሽ፤ የታመመውን፣ ያዘነውን፣ የተቆጣውን ለብቻ ያስቀምጥልሽ። «መጽሐፉ የት ይሸጣል?» ላለ ሰው አድራሻ ይስጥ፣ «የሚመልስልዎ ማሽን ነው» ብሎ ከላይ ጽፎ። ለዚህ ማንም አይቀየምሽም። ሌሎች ጋ እየዞረ የሚያወድሰውን ግን ዛሬ ማታ አጥፊው። ያላነበብሽውን ድንቅ ነው ማለት የኛ ቤት ልጅ አትለምደውም። የቀረውን በቀን አምስት ሰው እየመረጥሽ በራስሽ እጅ መልሺ። አምስት ብዙ ነው ካልሽ ሦስት።

የጥሪ ካርዱ ታትሞ መጥቷል። 350 ነው። የውስጡ ቃል ለሁሉም አንድ ነው፣ ማንም በዚህ አይከፋም። ሰው ካርድ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስሙን ነው። ወንድምሽ «በኮምፒውተር አትሜ ልለጥፈው» ብሏል። ለሦስት መቶው እሺ ብዬዋለሁ። ሃምሳውን ግን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሻለሁ፤ የአያትሽ እድርተኞች፣ አንደኛ ክፍል ያስተማሩሽ መምህርት፣ ያኔ በጎርፉ ሌሊት በሩን የከፈቱልን ቤተሰብ፣ ሐጂ ቤት። ሰማያዊ እስክሪብቶ ገዝቻለሁ፣ ሁለት።

ዓርብ ነይ። ባቡር ካገኘሽ በባቡር፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ወንድምሽ መጥቶ ይቀበልሻል። ነጠላውን ከሳጥን አውጥቼ ንፋስ እንዲያገኘው አሰጣዋለሁ። ጥለቱን ታይዋለሽ።

እናትሽ
(ወንድምሽ ሳልሆን)

ይድረስሽ ብዬ ካጠፍኩት በኋላ ትዝ አለኝ፦ እናቷን ለቀበረችው ልጅ ጽፈሽላታል? ስለ ሽሮው ያለችውን ሳታነቢ እንዳትጽፊላት። በርበሬውን በሬት ነበር የምታሸው ብላለች፤ እንደዚያ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጠይቂልኝ።